ሠላሳ ሰባት ሰውና አንድ ጠርሙስ ጥቁር አቼቶ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ፣ ፒያሳ አንድ ያልተከፈተ ግሮሰሪ በር ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከኋላዬ ሠላሳ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ቆጥሬአቸዋለሁ፤ መቁጠር ሥራዬ ነው። ከሠላሳ ሰባቱ አንዱም ምን እንደሚሸጥ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ለእነሱ የሚሸጥ ነገር አልነበረም።

በደርግ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው በሁለት ይከፈል ነበር፤ የተሰለፈና ሰልፍ የሚፈልግ! ያኔ ያልነበራችሁ አንባቢዎቼ ማጋነን ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ሰልፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ከዚያ በኋላ ከፊቱ የቆመውን “ምን መጣ?” ይላል። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ፣ ማለትም ሳይሰለፍ የጠየቀ፣ ጥያቄውን እስኪጨርስ ሦስት ሰው ይቀድመዋል። ዘይቱም ላምባውም የሚቀዳው በራስ ዕቃ ስለሆነ ማንም ከቤቱ ሲወጣ ባዶ ጠርሙስ ከእጁ አይለይም። ለቅሶ ቤት ጠርሙስ ይዞ የመጣ ጎረቤት ነበረኝ። ስንቶቻችን ታዘብነው! ሲመለስ መንገድ ላይ ዘይት አገኘ። የታዘብነው ሰዎች አላገኘንም።

እኔ ታዲያ ያን ቀን ጠርሙስ አልያዝኩም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዋጋ ያስከፍለኛል።

ነገሩ የጀመረው የባለቤቴ የጽጌ አባት ሳንባ ምች ታመው እኛ ቤት በተኙ ጊዜ ነው። አባባ ሀብቴ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ወጥ ቤት ነበሩ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠና ለጽጌ ቁርጡን ነገራት።

“ሳንባቸው ድኗል። ካሁን በኋላ መድኃኒታቸው ምግብ ነው። ካልበሉ ግን ከዚህ አልጋ አይነሱም።”

አባባ ሀብቴ አልበሉም። የቅልጥም መረቅ ተሠራላቸው፤ አሸተቱና ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። አጥሚት መጣ፤ ተገፋ። ገንፎ መጣ፤ ለአክብሮት አንዴ ጠቀስ አድርገው ገፉት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሻይ በቀር ሳይቀምሱ፣ ሳሕን ብቻ እየገፉ ቆዩ። ጽጌ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች። “ሽንኩርቱ ነው” ትለኛለች። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት እንዳልነበረ አረጋግጫለሁ።

ረቡዕ ዕለት ግን ድንገት አፋቸውን ከፈቱ።

“ሰላጣ ቢሆን…”

ጽጌ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። “አሁኑኑ፣ አባዬ! ቆስጣም ቲማቲምም አለ!”

“ቆስጣ ሰላጣ አይደለም” አሉ፤ ታመውም ቢሆን ሙያቸውን አልረሱም። “ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ከላዩ ደግሞ ባልሳሚኮ።”

“እሱ ደግሞ ምንድነው?” አልኩ።

“ጥቁር አቼቶ ነዋ። ከወይን የሚወጣ። ይጣፍጣልም፣ ይኮመጥጣልም። እሱ ቢኖር ምናልባት…” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጽጌ ወደ በረንዳው ጎትታ አወጣችኝ።

“ሰማህ?”

“ሰማሁ።”

“ጋዜጠኛ ነኝ አይደል የምትለው? በር የሚዘጋብህን ሚኒስትር እንኳ ፈልገህ ታገኛለህ። አንድ ጠርሙስ አቼቶ ያቅትሃል?”

ለማስታወስ ያህል፣ ሚኒስትር የራሽን ዕቃ አልነበረም።

ፍለጋውን እንደማንኛውም ዘገባ ከቅርቡ ምንጭ ጀመርኩ። የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ኃላፊ ጓድ ታምሩ ይባላል፤ ባንኮኒው ላይ ክርኑን ተክሎ የሚያነጋግር፣ ከእርሳሱ በስተቀር የሚያምነው ነገር የሌለ ሰው ነው።

“አቼቶ አለ?”

“ሞልቷል።”

ደነገጥኩ። “ሞልቷል” የሚለውን ቃል ከዚያ ሱቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

“ጥቁሩን ነው የምፈልገው።”

“ያለው ነጭ ነው።”

“ጥቁሩ መቼ ይመጣል?”

“ጓድ ጋዜጠኛ” አለኝ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ “ሰፊው ሕዝብ የሚጠቀመው ነጩን ነው። ጥቁሩን የሚጠቀሙት የት እንደሄዱ ታውቃለህ።”

ነጩን ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ይህን አልክድም። ጥራቱን በተመለከተ ደግሞ ጽጌ የዛገ ቢላዋ ነክራበት አደረች፤ ጠዋት ቢላዋው እንደ አዲስ አብለጨለጨ። አባባ ሀብቴ ሽታውን ከመኝታ ቤት ሰምተው “የመኪና ባትሪ ፈሰሰ እንዴ?” አሉ።

ሐሙስ ዕለት አራት ኪሎ አካባቢ የውጭ ዕቃ በሹክሹክታ የሚሸጥ ሰው ጠቆሙኝ። እሱ ጋ ጥራት አለ። ማኅተም ያለው፣ ወርቃማ ጽሑፍ የተጻፈበት፣ የሽቶ ጠርሙስ የምታክል ብልቃጥ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ አሳየኝና ዋጋውን በጆሮዬ ነገረኝ። በዚያ ዋጋ በግ ይገዛል። በግ ደግሞ ቢያንስ ቆዳው ይተርፋል!

እንግዲህ የሁለት ቀን ምርመራዬ ውጤት ይህ ነበር፤ ዋጋው ደህና የሆነው ዝገት ያስለቅቃል፣ ጥራቱ ደህና የሆነው ደመወዝ ያስለቅቃል። መሐሉ የለም።

መሐሉን ያገኘሁት ዓርብ ነው። ፒያሳ ጋሽ ዘርጋ የሚባሉ አዛውንት ግሮሰሪ አላቸው። ሱቁን ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ነው የተረከቡት፤ ግሪኩ ከአብዮቱ በኋላ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ከነመደርደሪያው ትቶላቸው ሄደ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሰርዲን ጣሳና ከጫማ ቀለም መሐል አንድ አቧራ የለበሰ ጥቁር ጠርሙስ ከመንገድ ይታያል። ገባሁና ጠየቅኳቸው።

“እሱማ አቼቶ ነው። ግሪኩ ‘ጥሩ ዕቃ ነው’ እንዳለኝ ትዝ ይለኛል። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም” አሉ። “ዋጋው ያው የድሮው ነው። ግን መሰላሉን ለጎረቤት አውሼዋለሁ። ነገ ሱቁን ሳልከፍት በጠዋት ና፤ አወርድልሃለሁ። ደግሞ ብቻህን ና፤ ሰው ግር ሲል አልወድም።”

ብቻዬን ሄድኩ። ይህን ዛሬም አስረግጬ እናገራለሁ።

በሩ ላይ ቆሜ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላኝም፤ እትዬ አስካለ ደረሱ። እትዬ አስካለ ዶሮ ማነቂያ ጉልት ላይ ቃሪያ የሚሸጡ፣ የከተማውን የሰልፍ ካርታ በጭንቅላታቸው የያዙ ሴት ናቸው። ከኋላዬ ቆሙና ጠርሙሳቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ።

“የኔ ልጅ፣ የመጨረሻው ማነው?”

አያችሁ፣ ሙያ ክፉ ነው። ለተጠየቅኩት ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ልማዴ ነው። ከእኔ በፊት ማንም የለም፤ ከእኔ በኋላም ማንም የለም። ስለዚህ የመጨረሻው እኔ ነኝ።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“ምን መጣ?”

“አቼቶ።”

ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው። ሰልፉ ግን ተመሠረተ።

መረጃው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየደለበ ሄደ። እትዬ አስካለ ጋ አቼቶ ነበር። አሥረኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዘይት ሆነ። ሃያኛው ጋ ዘይትና ስኳር። ሄጄ ላስተባብል አሰብኩ፤ ነገር ግን ቦታዬን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። ከሰባ ደረጃ በኩል ሲሮጡ የመጡት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች የሚጠብቁት አንሶላ እንደነበር በኋላ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ዘርጋ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ መሰላሉን ተሸክመው ብቅ አሉ። ሰልፉን አዩ። መሰላሉን መሬት አስቀመጡ።

“ጋዜጠኛው፣ ብቻህን ና አላልኩህም?”

“ብቻዬን ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ዘርጋ።”

“እነዚህስ?”

“ከእኔ በኋላ ናቸው።”

“ኧረ በሕግ! ከአንተ በኋላ ምን ሊሆኑ?” አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። “ወገኖቼ፣ የሚሸጥ ነገር የለም! በየቤታችሁ ግቡ!”

ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው “የለም” ሲባል ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ? እንዳለ ያረጋግጣል!

“ለዘመዶቹ ሊያወጣው ነው!”

“መሰላል ይዞ መጥቷል እኮ! ባይኖር መሰላል ምን ያደርግለታል?”

“አሻጥር ነው!” አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ይህ ቃል በዚያን ጊዜ እንደ ዋዛ የሚወረወር አልነበረም። ዕቃ ደብቋል የተባለ ሰው ሱቁ ይታሸጋል፤ አንዳንዴም ሱቁ ሲከፈት ባለሱቁ አይመለስም። ጋሽ ዘርጋ መልካቸው ጠፋ። የመሰላሉን እግር ያዝ አድርገው “አንተ ልጅ፣ ምን አደረግኩህ?” አሉኝ፤ በጣም ቀስ ብለው። ስድስት ልጆች ያሳድጋሉ።

ወሬው ቀበሌያችን ድረስ ደርሶ ኖሮ ወዲያው ጓድ ታምሩ መጣ፤ ጠብመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ከኋላው ናቸው።

“ምንድነው የተደበቀው?”

“አልተደበቀም” አልኩ። “አንድ ጠርሙስ አቼቶ ነው። መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከመንገድ ይታያል። እየው።”

ጓድ ታምሩ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አየ። ጠባቂዎቹም አዩ። ከዚያ ሠላሳ ሰባቱም ቦታቸውን ሳይለቁ በየተራ አንገታቸውን አሰገጉ።

“አንድ ጠርሙስ ለሠላሳ ስምንት ሰው?”

“ለአንድ ሰው ነበር” አልኩ። “እኔ ነኝ ያዘዝኩት።”

“ለብቻህ?” አለ ጓድ ታምሩ። ሰልፉም “ለብቻው!” ሲል አስተጋባ።

ጋሽ ዘርጋን አየኋቸው። መሰላሉን አልለቀቁም። በዓይነ ሕሊናዬ ደግሞ ወደ ግድግዳው የዞሩት አባባ ሀብቴ መጡብኝ። ጠርሙሱ የእኔ ነው ብዬ ብከራከር ነገሩ ወደ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ጋሽ ዘርጋም አብረው ይሄዳሉ።

“ለሕዝቡ ይከፋፈል” አልኩ።

ጓድ ታምሩ ፊቱ በራ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። “በነፍስ ወከፍ አንድ የሾርባ ማንኪያ! ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ዕቃ ያልያዘ አይወስድም!”

ሠላሳ ሰባት ጠርሙስ ወደ ላይ ተነሣ። ሁሉም እኔን አዩኝ።

“ዕቃህስ?” አለኝ።

“እኔ የመጣሁት ጠርሙሱን ከነአቼቶው ልወስድ ነው።”

“ጠርሙሱ የሱቁ ንብረት ነው። ዕቃ ይዘህ ና።”

በሰልፍ ሕግ መሠረት ለአፍታ የሚሄድ ሰው ቦታው ላይ አንድ ነገር ያስቀምጣል፤ ድንጋይም ቢሆን። ማስታወሻ ደብተሬን አስቀመጥኩ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫንኩበት። እትዬ አስካለን “አደራ” ብዬ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ፋርማሲስቷ ባዶ የሳል መድኃኒት ብልቃጥ አጥባ ሰጠችኝ። ስመለስ እትዬ አስካለ ድርሻቸውን ወስደው ጨርሰዋል። ደብተሬ ግን በፊት የነበረበት ቦታ የለም።

“ተራው ደረሰና ተጠራ” አሉኝ። “ዕቃ አልያዘም ተብሎ ወደ ኋላ ተላከ።”

እውነትም ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበር። ድንጋዩን ሳይቀር አብረው ወስደውለታል። ሠላሳ ስምንተኛ ሆኜ ከደብተሬ ጋር ቆምኩ።

ዕደላው እንዲህ ያለ ነበር። ጓድ ታምሩ ማንኪያውን እስከ አፉ ይሞላል፤ የተረፈውን ጠብታ ወደ ጠርሙሱ ይመልሳል። ተቀባዩ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሥሩ ላይ የተኛችውን ጥቁር ነገር ያያል፤ ያሸታል።

“ዘይት ነው ያላችሁት እኮ!”

“አንሶላውስ?”

ግን አንድም ሰው ሰልፉን ጥሎ አልሄደም።

“ለመሆኑ ምን ያደርጋል?” ብሎ አንዱ ጎልማሳ እትዬ አስካለን ጠየቃቸው።

“ምን እንደሚያደርግማ ቤቴ ገብቼ አስብበታለሁ። መጀመሪያ ድርሻዬ!”

ተራዬ ሲደርስ ጓድ ታምሩ ጠርሙሱን ዘቀዘቀው፤ ቂጡን መታ መታ አደረገው። ሦስት ጠብታ ወጣ። እሱንም አስፈረመኝ።

ብልቃጤን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ አስካለና ስድስት ሰባት የሚሆኑ ተሰላፊዎች የዕቃው ጥቅም ምን እንደሆነ ገና እየተከራከሩ ነበር።

“ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?” አሉ እትዬ አስካለ።

“ለታመመ ሰው ነበር። የባለቤቴ አባት ሦስት ሳምንት እህል አልቀመሱም። ይህ ካለ እበላለሁ ብለው ነው።”

“እና ይሄን መጀመሪያ አትናገርም?”

“አልጠየቁኝም።”

“ወይ ጋዜጠኛ! ጠይቁኝ ብለህ ነው የምትኖረው?” አሉና ጠርሙሳቸውን ብልቃጤ ላይ ደፉት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። “እናንተስ? ፀጉር ልትቀቡት ነው? ስጡት እንጂ!”

ሰጡኝ። አንሶላ ጠባቂዎቹ የራሳቸውን ድርሻ ከሰጡ በኋላ ብልቃጡን ያዙልኝ። ግማሽ ያህል ሞላ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጽጌ ሰላጣውንና ቲማቲሙን ቆርጣ አቀረበች። አባባ ሀብቴ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ከብልቃጡ ጥቂት ጠብ አደረግኩ። አንድ ጉርሻ ጎረሱ። አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ጎረሱ።

“ይሄን ከየት አመጣኸው?”

“ከጋሽ ዘርጋ ግሮሰሪ። ከግሪኩ የቀረ ጠርሙስ ነው።”

“ይሄማ የእኔ ነው!”

“የእርስዎ ማለት?”

“እኔ የሠራሁት ነዋ! ቅርንፉዱ አይሸትህም? ጣሊያን ቅርንፉድ አያደርግበትም። እኔ ነኝ የማደርገው።” ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። “ከአገራቸው ያመጡት በሁለተኛው ዓመት አለቀ፤ መርከቡ ዘገየ። ሲኞር ደግሞ ያለሱ ሰላጣ አይነካም። ዘቢቡን ቀቀልኩ፣ ስኳሩን ጠበስ አደረግኩ፣ ከተራ አቼቶ ጋር አማሰልኩና በዚያው ጠርሙስ ሞላሁት። ‘የአገሬን ጣዕም አመጣህልኝ’ ብሎ ሳመኝ! ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ በቀር አልበላም። ሲኞራ እንዲያውም ለገና ለግሪኩ ስጦታ ልካለታለች።”

ጽጌ ብድግ አለች። “አባዬ! ታዲያ ሠርቼዋለሁ፣ እሠራዋለሁ ብለው ለምን አልነገሩንም?”

“አልጠየቃችሁኝም።”

ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። ሃያ ዓመት ሰው በመጠየቅ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። አራት ኪሎ ጠይቄአለሁ፣ ፒያሳ ጠይቄአለሁ፣ ቀበሌ ጠይቄአለሁ። ከመኝታ ቤቴ በር አሥር እርምጃ ላይ የተኛውን ዋና ምንጭ ግን “እንዴት ይሠራል?” አላልኩም። ይህን ስሕተት የሠራ ሪፖርተር ከእኔ ጋር ቢሠራ ኖሮ የአየር ትንበያ እንዲጽፍ አዛውረው ነበር።

“ዘቢብ አለ?” አሉ አባባ ሀብቴ ብርድ ልብሱን እየገፈፉ። በሦስት ሳምንት ከሳሕን ሌላ ሲገፉ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። “ተራ አቼቶስ?”

“ዘቢብ ትንሽ አለ፤ አቼቶም የቀበሌው ነጭ አለ” አለች ጽጌ። “ግን ዝገት ነው የሚያስለቅቀው።”

“ኃይለኛው ነው የሚፈለገው። ለዘብተኛውማ ሲፈላ ይሞታል።”

ግድግዳ ይዘው ኩሽና ገቡ። የቤቱን የወር ስኳር ግማሹን ጠበሱት፤ ማንም አልተናገራቸውም። ማታ ሁለት ሳሕን ሰላጣ፣ አንድ ሳሕን ፓስታ በሉ። ጽጌ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሽንኩርት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አስካለ በሽተኛ ጥየቃ መጡ። በሽተኛውን ሽርጥ ለብሰው ምድጃ ሥር አገኟቸው። ሰላጣ ቀረበላቸው፤ ቀመሱ።

“ውይ! ይሄ ከየት መጣ?”

“ከዚሁ ቤት” አሉ አባባ ሀብቴ ማማሰያውን እያነሡ። “ከቀበሌው ነጭ አቼቶ።”

እትዬ አስካለ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ሳሕናቸውን ጨርሰው፣ መርቀው፣ ፈጠን ብለው ወጡ።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ላይ ወደ ሥራ ልሄድ የግቢውን በር ከፈትኩ። በሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ ነበር። አንደኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው። አምስተኛው ጓድ ታምሩ ነበር። አሥራ አንደኛው ጋሽ ዘርጋ ነበሩ፤ ባዶውን ጥቁር ጠርሙስ ይዘዋል።